ከማውንት ቬርነን ማዶ፦ የፒስካታዌይ ፓርክ፣ የቅኝ ግዛት ዘመን እርሻውና የእግር መንገዶቹ

ፒስካታዌይ ፓርክ በሜሪላንድ ግዛት በፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ላይ፣ ከዋሽንግተን ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ጥብቅ መሬት ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከአሌክሳንድሪያ የሚነሣ መኪና፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደርሳል። ፓርኩ ከፒስካታዌይ ጅረት አንሥቶ ማርሻል ሆል እስከሚባለው ቦታ ድረስ ወንዙን ይዞ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ስፋቱም 5000 ኤከር ገደማ ሲሆን ይህ ወደ 2000 ሄክታር ይጠጋል። በመካከሉ ብሔራዊ የቅኝ ግዛት ዘመን እርሻ የሚባለው ስፍራ አለ። ይህ እርሻ በ1770ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መካከለኛ አቅም የነበረው አንድ የትምባሆ አብቃይ ቤተሰብ እንዴት ያርስ፣ ከብት ያረባና ይኖር እንደነበር ለማሳየት የተቋቋመ ነው። ከእርሻው የሚነሡት የእግር መንገዶች በማሳው ጠርዝ፣ በጫካው ውስጥና በወንዙ ዳር ይሄዳሉ።

ከእርሻው ትይዩ፣ በቨርጂኒያ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ማውንት ቬርነን ይታያል። ፓርኩ የተቋቋመውም በዚሁ ቤት ምክንያት ነው። በዋሽንግተን ሰገነት ላይ የቆመ ሰው ከወንዙ ማዶ ዋሽንግተን ያየውን ዓይነት ዱርና ማሳ እንዲያይ ሲባል ይህ መሬት ሳይገነባበት ቀረ። ከሰገነቱ ሲታይ ግን ማዶው ሰላማዊ አረንጓዴ ብቻ ነው። በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ማን እንደኖረ፣ ማን እንደተነቀለና ማን ያለ ደመወዝ እንደሠራ የሚታወቀው ወንዙን ተሻግሮ መሬቱን በእግር ሲረግጡት ነው። የፓርኩ ትልቁ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማውንት ቬርነን ሊፈርስ በተቃረበበት ጊዜ የታደገው በ1853 የተመሠረተ የሴቶች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ንብረቱን ዛሬም ያስተዳድራል። በ1955 ከወንዙ ማዶ የነዳጅ ማከማቻ ጋኖች ሊተከሉ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በማኅበሩ ውስጥ ኦሃዮን የወከሉትና የዚያው ግዛት የኮንግረስ አባል የነበሩት ፍራንሲስ ቦልተን አልተጠባበቁም፤ ወደ 500 ኤከር የሚጠጋ መሬት በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። በ1957 መሬቱን የሚጠብቅ የአኮኪክ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የቅኝ ግዛት ዘመን እርሻው ሥራ ጀመረ። ስጋቱ ግን በዚህ አላበቃም። ብዙ ሳይቆይ በዚሁ ዳርቻ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ለመሥራት እቅድ ወጣ፤ ያን ያስቆመው ኮንግረስ ኦክቶበር 4 ቀን 1961 ያጸደቀው ፓርኩን የሚያቋቁም ሕግ ነበር። ፓርኩ በይፋ የተመረቀው በ1968 በዋሽንግተን የልደት ቀን፣ ፌብሩዋሪ 22 ነው።

የጥበቃው ዘዴ ትኩረት የሚገባው ነው። መንግሥት መሬቱን ሁሉ አልገዛም። ብዙዎቹ የአካባቢው ባለይዞታዎች መሬታቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ነገር ግን ዛፍ እንዳይመነጥሩ፣ ከተወሰነ በላይ እንዳይገነቡ፣ መሬቱን ቆራርሰው እንዳይሸጡ የሚያስገድድ ውል ፈረሙ። ውሉ መሬቱ ወደ ልጅ ቢተላለፍም ሆነ ለሌላ ቢሸጥ ከመሬቱ አይለይም። የፌዴራል መንግሥት እንዲህ ያለውን ውል አንድን እይታ ለመጠበቅ ከተጠቀመባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ሰው ሳይነሣ፣ ቤት ሳይፈርስ መሬት መጠበቅ እንደሚቻል ያሳየ በመሆኑ፣ የከተማ መስፋፋት እርሻን በሚውጥበት አገር ሁሉ ሊጠና የሚገባው ምሳሌ ነው።

የመሬቱ ታሪክ ከዋሽንግተንም ከትምባሆም እጅግ ይቀድማል። የፒስካታዌይ ሕዝብ እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት በዚህ ዳርቻ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እየዘራ፣ ዓሣ እያሰገረና እያደነ ይኖር ነበር። መሪያቸው ታያክ ይባላል። ዋናው መንደራቸው ሞያኦን ዛሬ ፓርኩ ባለበት መሬት ላይ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆን ስሚዝ በ1608 ፖቶማክን ሽቅብ ሲቀዝፍ መንደሩን አይቶ በኋላ በካርታው ላይ አስፍሮታል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ በ1622 ገደማ፣ ሞያኦን በቨርጂኒያ እንግሊዞችና በአጋሮቻቸው ተቃጠለ። በ1634 የሜሪላንድ ሰፋሪዎች ሲመጡ የፒስካታዌይን ታያክ አነጋገሩ። በ1640 ታያኩ ኪታማኩንድ በካቶሊኩ ካህን በአንድሩ ዋይት እጅ ተጠመቀ። ወዳጅነቱ ግን መሬቱን አላዳነላቸውም። ሰፋሪዎቹ እየበዙ፣ ትምባሆው እየተስፋፋ ሲሄድ ብዙዎቹ በ1690ዎቹ መጨረሻ መጀመሪያ ወደ ቨርጂኒያ፣ ከዚያም ወደ ፔንሲልቫኒያ ተሰደዱ፤ ሌሎቹ እዚያው በደቡብ ሜሪላንድ ቀሩ።

በ1922 ሠዓሊዋ አሊስ ፈርጉሰንና የሥነ ምድር ተመራማሪ ባለቤቷ ሄንሪ በዚሁ ዳርቻ ሃርድ ባርጌን የሚባለውን እርሻ ገዙ። በ1930ዎቹ አሊስ የሞያኦንን ቦታ ማስቆፈር ጀመረች፤ የመንደሩ አጥር ምሰሶዎች የቆሙባቸው ጉድጓዶችና ብዙ ሰዎች በአንድነት የተቀበሩባቸው ቦታዎች ተገኙ፤ አፅሞችም ተነሥተው ወደ ሙዚየም ተወሰዱ። ሥራው ለሳይንስ ብዙ ዕውቀት አስገኝቷል፤ ነገር ግን የሟቾቹ ዘሮች በአቅራቢያው እየኖሩ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የተሠራ ነው፤ ይህም ቅሬታ እስከ ዛሬ አልደረቀም። የፒስካታዌይ ሕዝብ መሪና የባህል ሐኪም የነበሩት ተርኪ ታያክ ሲሞቱ ከቅድመ አያቶቻቸው ጋር በሞያኦን እንዲቀበሩ የኮንግረስ ሕግ አስፈልጎ ነበር፤ ቀብሩ የተፈጸመው በ1979 ነው። የሜሪላንድ ግዛት ለፒስካታዌይ ሕዝብ ይፋዊ እውቅና የሰጠው ደግሞ በጃንዋሪ 2012 ነው። ዛሬም ዘሮቻቸው ለሥርዓታቸው ወደዚህ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ቦታው ለእነርሱ የሚኖሩበት ታሪክ እንጂ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

ወደ እርሻው ሲገባ ዋናው ነገር ትምባሆ ነው። በቅኝ ግዛቱ ሜሪላንድ ትምባሆ ሰብልም ገንዘብም ነበር፤ ግብር፣ ዕዳ፣ የካህናት ደመወዝ ሳይቀር በትምባሆ ፓውንድ ይቆጠር ነበር። የሥራው ዓመት የሚጀምረው የብርዱ ወቅት ሳይወጣ ነው። ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንሰው ዘር ከአመድ ጋር ተቀይጦ በችግኝ መደብ ላይ ይዘራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ መሬቱ በዝናብ ሲርስ፣ ችግኙ አንድ በአንድ ተነቅሎ በዶማ በተከመረ የአፈር ጉብታ ላይ ይተከላል። ከዚያ በኋላ እስከ አጨዳው ድረስ እረፍት የለም። አረሙ ይነቀላል፤ ተክሉ እንዳያብብ አናቱ ይቆረጣል፤ አናቱ ሲቆረጥ ከቅጠሉ ሥር የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ይለቀማል፤ ጣት የሚያክለው አረንጓዴ ትል ከየቅጠሉ በእጅ እየተለቀመ ይገደላል። ነሐሴና መስከረም ላይ ተክሉ ከነግንዱ ይቆረጥና በዘንግ ላይ ተሰክቶ በማድረቂያው ቤት ይሰቀላል።

የማድረቂያው ቤት በእርሻው ውስጥ ብዙ የሚያስተምር ሕንፃ ነው። ከፍ ያለ፣ ውስጡ ከላይ እስከ ታች በአግዳሚ እንጨት የተከፋፈለ፣ በግድግዳው ሳንቃዎች መካከል ነፋስ የሚገባበት ቤት ነው። ቅጠሉ ሳምንታት ሙሉ በጥላ በነፋስ ይደርቃል። ሲደርቅ ደግሞ ንክት ይላል፤ ስለዚህ የሚወርደው አየሩ እርጥበት ሲኖረውና ቅጠሉ ሲለሰልስ ብቻ ነው። ከዚያ ቅጠሉ ከግንዱ ተገንጥሎ፣ እየተጠቀጠቀ 1000 ፓውንድ (450 ኪሎ ግራም) ያህልና ከዚያም በላይ በሚይዝ ትልቅ በርሜል ይታሸጋል። ከ1747 ጀምሮ የሜሪላንድ ሕግ እያንዳንዱ በርሜል በመንግሥት መጋዘን እንዲመረመር አስገደደ፤ መናኛው ተቃጠለ፤ ያለፈው ወደ እንግሊዝ አገር ተጫነ። በርሜሉ ወደ ወደቡ የሚሄደው እንደ ጎማ እየተንከባለለ ነበር፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ ዛሬ በዚህ ሥራ ስም የሚጠሩ መንገዶች አሉ።

በበሬ የሚታረስበትን አገር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እዚህ ሞፈርና ቀንበር ዋና መሣሪያ አለመሆናቸው ሳያስገርመው አይቀርም። ምክንያቱ መሬቱ ነው። ትምባሆ አፈሩን በ3 ወይም በ4 ዓመት ያደክማል። አብቃዩ ያን ትቶ አዲስ ጫካ ይከፍታል፤ ዛፎቹን ከመቁረጥ ይልቅ ቅርፊታቸውን ዙሪያውን ልጦ ቆመው እንዲደርቁ ይተዋቸዋል። በደረቁ ግንዶችና በጉቶዎች መካከል ማረሻ አይገባም፤ ዶማ ግን ይገባል። ትምባሆውም በቆሎውም በጉብታ ላይ የሚተከሉት ለዚሁ ነው፤ ይህም እንግሊዞች ከነባሩ ሕዝብ የተማሩት ዘዴ ነው። የተተወው ማሳ አቅሙን እስኪመልስ 20 ዓመት ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ጅረቶቹ ያወርደዋል። ከፓርኩ በስተደቡብ ያለው ፖርት ቶባኮ በዘመኑ መርከብ የሚገባበት ወደብ ነበር፤ ከማሳው የወረደው ደለል ወደቡን ሞላው፣ ከተማዋም ከሰመች።

ከወንዙ ማዶ የነበረው ዋሽንግተን ይህን ኪሳራ ተገንዝቦ በ1760ዎቹ አጋማሽ ከትምባሆ ወደ ስንዴ ዞረ። ዛሬ በማውንት ቬርነን በኩል ያለው የማሳያ እርሻ ይህን ሁለተኛውን ምዕራፍ ያሳያል፤ በ1790ዎቹ ዋሽንግተን ያሠራው ባለ 16 ጎን የመውቂያ ቤት በ1996 እንደገና ተሠርቷል። ፈረሶቹ በላይኛው ወለል ላይ በክብ እየሮጡ ነዶውን ይረግጡታል፤ ፍሬው በሳንቃዎቹ ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል፤ ነገሩ ጣሪያ የተሠራለት አውድማ ነው። ሁለቱን እርሻዎች ያየ ሰው የአንድን ወንዝ ሁለት ዳርና የአንድን ግብርና ሁለት ዘመን ያያል።

ይህን ሁሉ ሥራ የሠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለቦታው የጀርባ ማስታወሻ ሊሆን አይገባም። በ1790 በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ በሜሪላንድ ከነበረው 319,728 ሕዝብ 103,036ቱ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ፓርኩ ያለበት የፕሪንስ ጆርጅ አውራጃ ትምባሆው የበዛበት ስለነበር በባርነት የተያዙት ከሕዝቡ ግማሽ በላይ ነበሩ። ዋሽንግተን በሞተበት በ1799 በማውንት ቬርነን ብቻ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። መካከለኛው አብቃይ ጥቂት ሰዎችን ይይዝ ነበር፤ ምንም ያልያዘም ነበር። ጥቂት ሰው በሚያዝበት እርሻ ባሪያውና ጌታው አብረው በአንድ ማሳ ይውሉ ነበር፤ ይህ ግን ቀንበሩን አላቀለለውም፤ ባለቤቱ ዕዳ ሲገባ ወይም ሲሞት ቤተሰብ ተነጣጥሎ ይሸጥ ነበርና። ቀለባቸው በዋናነት በቆሎ ሲሆን፣ በወንዙ ዳር ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ ይጨመርበታል። በፀደይ ወራት ፖቶማክን ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ በመረብ የሚጎትቱትም እነርሱው ነበሩ። ባርነት በሜሪላንድ የተሻረው ኖቬምበር 1 ቀን 1864 በሥራ ላይ በዋለው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ነው። በእርሻው ማሳ ላይ ቆሞ የዶማውን ሥራ የሚያይ ሰው ትምባሆ ለምን ብዙ እጅ እንደሚፈልግ ወዲያው ይገባዋል፤ ባርነት በዚህ ዳርቻ ለምን ያን ያህል እንደሰፋ ከማንኛውም ገለጻ በላይ የሚያስረዳው ይህ ነው።

የእርሻው ቤቶች ትልልቅ አይደሉም፤ ዋጋቸውም ከዚሁ ነው። የባለጸጎች ቤት በጡብና በድንጋይ ስለሚሠራ በየቦታው ተርፏል፤ የመካከለኛው ሰው የእንጨት ቤት ግን በስብሶ ወይም ፈርሶ ጠፍቷል። እዚህ የቆመው ሎረል ብራንች የሚባለው መኖሪያ ቤት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን በደቡብ ሜሪላንድ ከነበረበት ተነሥቶ የመጣ ነው። ኩሽናው ለብቻው የቆመው ለሁለት ምክንያት ነው፦ እሳት ቢነሣ መኖሪያው እንዳይያያዝ፣ እንዲሁም የበጋው ሙቀት ከቤት እንዲርቅ። ኩሽናው እንደ ጥንቱ አምሳል አዲስ የተሠራ ነው። የአጥሩም ነገር ልብ ይባል። የተሰነጠቀው ግንድ ምሰሶ ሳይተከልለት እየተጠማዘዘ ተደራርቦ ማሳውን ይከባል፤ በዚያ ዘመን የሚታጠረው ሰብሉ ነበር፤ ከብቱና አሳማው እረኛ ሳይኖራቸው በጫካ ይለቀቁ ነበር።

እርሻው የዘመኑን የከብት ዝርያዎች ለማቆየት ብዙ ደክሟል። የሆግ አይላንድ በግ በቨርጂኒያ የባሕር ዳር ደሴት ላይ ለዘመናት በራሱ የኖረ ዝርያ ሲሆን፣ ከደሴቱ የተነሣው በ1970ዎቹ ነው። የኦሳባው አሳማ የጆርጂያ ደሴት ዝርያ ነው፤ ስፔናውያን ካመጧቸው አሳማዎች እንደሚወርድ ይታመናል። የሚታለበው የዴቨን ቀይ ከብት ለወተትም፣ ለሥጋም፣ ለጠመዳም የሚሆን ነው፤ ዝርያው ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ሲሆን በመነሻው አገር ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ ነው። ዶሚኒክ የሚባለው ዝንጉርጉር ዶሮ ከአሜሪካ ዶሮዎች ሁሉ የቆየ ነው ይባላል። እነዚህ ዝርያዎች እንቁላል ወይም ሥጋ በማብዛት ከዘመናዊዎቹ ጋር አይወዳደሩም፤ በትንሽ መኖ መቆየትን፣ ሙቀትንና በሽታን መቋቋምን ግን ያውቁበታል። ይህ ባሕርይ አንዴ ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም። የአበሻ ዶሮ በፈረንጅ ዶሮ በሚተካበት ዘመን የኢትዮጵያ አርቢም ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

እንዲሁ የጠፋ ዛፍ አለ። የአሜሪካ ቼስትነት አንድ ጊዜ የምሥራቅ አሜሪካን ተራሮች የሞላ፣ ፍሬው ለሰውም ለአሳማም ቀለብ የሆነ፣ እንጨቱ የማይበሰብስ ዛፍ ነበር። በ1904 በኒው ዮርክ የታየው ከእስያ የመጣ ሻጋታ በግማሽ ክፍለ ዘመን ውስጥ ወደ 4 ቢሊዮን የሚገመቱ ዛፎችን ገደለ። ሥሩ አይሞትም፤ ያቆጠቁጣል፤ ግንዱ ሲወፍር ሻጋታው እንደገና ይይዘዋል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ለማግኘት የሚደረገው ማዳቀል አሥርት ዓመታት ወስዷል፤ የፓርኩ እርሻም በዚህ ሥራ የተሳተፈ ነው።

ከእግር መንገዶቹ ሪቨርቪው የሚባለው የወንዙን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ማውንት ቬርነን በደንብ የሚታየው ከዚህ ነው። በውኃው ጎን ድንጋይ ተደርድሮ ከኋላው ሣር የተተከለበት ቦታ ዳርቻውን ማዕበል እንዳይበላው የተሠራ ነው፤ በግንብ ፈንታ ድንጋይና ሣር መመረጡ ዓሣውና ወፉ መጠለያ እንዲያገኙ ነው። ብሉበርድ የሚባለው በሜዳው፣ ብላክቤሪ የሚባለው በጫካው ያልፋል። ፓምፕኪን አሽ የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው በረግረግ ከሚበቅል፣ የግንዱ ሥር ከሚያብጥ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከነወገኑ አሁን በአደጋ ላይ ነው፤ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2003 በዚሁ በፕሪንስ ጆርጅ አውራጃ በችግኝ ተጭኖ ገብቷልና። በሌላ በኩል የአኮኪክ ጅረትን ረግረግ የሚያቋርጥ የእንጨት ርብራብ መንገድ አለ። ራሰ በራው ንስር በዚህ ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ ይታያል፤ የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳው የነበረው ዲዲቲ በ1972 ከታገደ በኋላ ቁጥሩ አገግሞ በ2007 ከአደጋ ዝርዝር ወጥቷል።

ጉብኝቱን ከእርሻው ጀምሮ ወደ ወንዙ መውረድ ይሻላል፤ የትምባሆውን ሥራ ያየ ሰው በወንዙ ዳር ሲሄድ በርሜሉ የተጫነበትን ውኃ ያስተውላልና። የተከላውን ሥራ ለማየት ግንቦትና ሰኔ፣ አጨዳውንና የተሰቀለውን ቅጠል ለማየት መስከረም ይመረጣሉ፤ የብርዱ ወቅት ቅጠል ስለሚረግፍ ለንስርና ለወንዙ እይታ ጥሩ ነው። የእርሻው ቤቶች የሚከፈቱበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ረግረጉ ከዝናብ በኋላ ስለሚጨቀይ ውኃ የማያስገባ ጫማ ይጠቅማል። ከፀደይ እስከ መጸው መዥገር በሣሩ ላይ ይበዛል፤ አንዳንዱም «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሱሪን በካልሲ ውስጥ ማስገባትና ማታ የልጆችን ገላ ማየት ይገባል። ባለ ሦስት ቅጠሉ ፖይዝን አይቪ ቆዳን ስለሚያቃጥል ልጆች አስቀድመው እንዲያውቁት ይደረግ። ወንዙ ዳርቻውን ሲሸረሽር የሸክላ ስባሪ ወይም የድንጋይ ፍላጻ ሊወጣ ይችላል፤ ከፌዴራል መሬት ማንሣት በሕግ የተከለከለ ነው፣ የሞያኦን ሰዎች ንብረትም ነው፤ የሚገባው እንዳለ ትቶ ለፓርኩ ጠባቂ መናገር ነው።